«የሰይጣን ቤት» እና ዶሮ ሲጮኽ የሚጠፋው ጭራቅ

ሰቆጣ ውስጥ የወጣቶች ኅብረታችን ማታ ሲሰበሰብ አንዳንድ ጊዜ ባዶ ወረቀት እናዞራለን። ሁሉም የልቡን ጥያቄ ይጽፋል፤ ስም አይጻፍበትም። አንድ ምሽት ከወጡት ወረቀቶች በአንዱ ላይ «አማኝ የሚያስፈራ ፊልም ማየት ይችላል ወይ?» የሚል ተጽፎ አገኘን። አንዱ «ኃጢአት ነው» አለ። ሌላው «ፊልም እኮ ፊልም ነው፤ ምን አለው?» አለ። ክርክሩ እየሞቀ ሳለ መብራት ጠፋ። ሁላችንም በአንድ ድምፅ ጮኽን፤ ከዚያ በራሳችን ሳቅን። ስለ ፍርሃት ስንከራከር የቆየን ሰዎች፣ ጨለማ ብቻውን አስጮኸን!

በዚያች ምሽት መልስ አልሰጠሁም። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ብሎ መዝጋት ይቀላል። እኔ ግን ወደ ኋላ ሄጄ ሁለት ነገሮችን ማየት ፈለግሁ፦ አንደኛ፣ ሲኒማ ወደ አገራችን ሲገባ ሰው ለምን ፈራው? ሁለተኛ፣ ድምፅ በሌለው የፊልም ዘመን ከተሠሩት ሁሉ እጅግ አስፈሪ ከሚባሉት አንዱ ስለ ምን ነበር? ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ያሰብኩት መልስ ሳይሆን ያላሰብኩት መልስ መጣ። እነሆ፣ አብረን እንየው።

የብርሃን ማሽን፣ የጨለማ ስም

የታሪክ ጸሐፊዎች የሲኒማ ልደት አድርገው የሚቆጥሩት ዕለት ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ሉሚዬር የተባሉ ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ በአንድ ካፌ ምድር ቤት ተንቀሳቃሽ ምስል ለሕዝብ በክፍያ አሳዩ። በዚያው ሰሞን የእኛ ሰው የት እንደነበረ አስቡ። አምባ አላጌ ላይ ውጊያ ከተደረገ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር፤ ከዓድዋ ድልም ሁለት ወር ገደማ ቀርቶት ነበር። የዋጉ ገዥ ዋግሹም ጓንጉል ዓድዋ ላይ ከተሰለፉት መኳንንት አንዱ ነበሩ። ፓሪስ ላይ ሰዎች ነጭ ሸራ ላይ ሲያፈጥጡ የእኛ አያቶች በትግራይ ተራሮች መካከል ነበሩ።

ለአዲስ ነገር ልባቸው ክፍት የነበረው አፄ ምኒልክ ባሉበት ዘመን ይህ ማሽን ወደ አዲስ አበባ ለመድረስ ብዙ ዓመት አልፈጀበትም። ቆየት ብሎ በከተማዋ ሕዝብ ገንዘብ ከፍሎ የሚገባበት የፊልም ቤት ተከፈተ። ሕዝቡ ግን ያወጣለት ስም ሌላ ነበር፤ «የሰይጣን ቤት» አለው። ስሙ ከአፍ ወደ አፍ ተላልፎ እስከ ዛሬ በአዲስ አበባ ታሪክ ውስጥ ይነሳል።

አያቶቻችን ሞኞች ነበሩ ብለን እንዳንስቅ። በነሱ ቦታ ሆነን እንየው። ጨለማ ቤት ትገባላችሁ። በር ይዘጋል። ከኋላ አንድ ማሽን ይንገጫገጫል። ነጭ ጨርቅ ላይ ሥጋ የሌለው ሰው ይራመዳል፤ አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ ግን የለውም። ባለፈው ዓመት የሞተ ሰው በፊልም ላይ ቆሞ ሲስቅ ይታያል። አፈር ያለበሱትን ሰው ቆሞ ሲሄድ የሚያሳይ ማሽን ምን ተብሎ ይጠራ? ስልክ ሲገባም «ሰው ሳይኖር የሚናገር ጋኔን ነው» ተብሎ እንደነበር ይተረካል። የማናውቀውን ነገር ወዲያው በክፉ ስም መጥራት የሰው ሁሉ ጠባይ ነው።

ደግሞም እኛ የዋግ ልጆች ከሙታን ጋር በአንድ ሰፈር የኖርን ሰዎች ነን። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ከአለት የተፈለፈለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ይገኛል፤ በዚያ የቀድሞ ዋግሹሞች ናቸው የሚባሉ ሳይፈርሱ የቆዩ አስከሬኖች አሉ። ሽማግሌዎቻችን በዚያ ሲያልፉ አይሮጡም። የለመዱት ሞት አያስሮጣቸውም፤ የሚያስሮጠው ያልለመዱት ነው።

መጽሐፉና ፊልሙ

አሁን ወደ ሁለተኛው ታሪክ እንለፍ። በ1897 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ፣ ብራም ስቶከር የተባለ አየርላንዳዊ «ድራኩላ» የተሰኘ ልብ ወለድ አሳተመ። ስቶከር ደብሊን ተወልዶ ለንደን ውስጥ በአንድ ታዋቂ ቲያትር ቤት ሥራ አስኪያጅነት የኖረ ሰው ነበር። መጽሐፉ በደብዳቤዎች፣ በዕለት ማስታወሻዎችና በጋዜጣ ዘገባዎች የተዋቀረ ነው። ታሪኩ የሰው ደም እየመጠጠ ለዘመናት የኖረ፣ ሞቶ ያልሞተ መስፍን ከሩቅ ተራራማ አገር ተነሥቶ ወደ ትልቅ ከተማ መምጣቱ ነው።

ከ25 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በርሊን ውስጥ «ኖስፌራቱ» የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ዳይሬክተሩ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሙርናው ነበር፤ ጽሑፉን ያዘጋጀው ሄንሪክ ጋሌን፣ ከአዘጋጆቹ ዋናው ደግሞ አልቢን ግራው። ጭራቁን የተጫወተው ማክስ ሽሬክ ነው። ታሪኩ የስቶከር ነበር፤ ስሞቹ ግን ተለውጠዋል። ድራኩላ «ኦርሎክ» ተባለ፣ ለንደንም «ቪስቦርግ» የተባለች የጀርመን የወደብ ከተማ ሆነች።

ያላያችሁት እንዳላችሁ ስለማውቅ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሁተር የተባለ ወጣት አለቃው ክኖክ ወደ ሩቅ ተራሮች ይልከዋል፤ ሥራው ኦርሎክ ለተባለ መስፍን ቤት መሸጥ ነው። በመንገድ ባደረበት ማረፊያ ሰዎች የመስፍኑን ስም ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ስለ ደም መጣጮች የሚናገር መጽሐፍም ያገኛል፤ ይስቅበታል። ቤተ መንግሥቱ ሲደርስ ዳቦ ሲቆርጥ ጣቱን ይቆርጣል፤ አስተናጋጁ ደሙን አይቶ ይንሰፈሰፋል። ኦርሎክ የሁተርን ሚስት የኤለንን ሥዕል ያያል፤ ከነሱ ቤት ፊት ለፊት ያለውንም ቤት ይገዛል። ከዚያ አፈር በሞሉ ሣጥኖች ውስጥ ተደብቆ በመርከብ ይጫናል። መርከበኞቹ አንድ በአንድ ያልቃሉ። መርከቧ ወደብ ስትደርስ ከኦርሎክ ጋር አይጦች ይወርዳሉ፣ ከአይጦቹም ጋር ወረርሽኝ።

በፊልሙ ከሚታወሱት ትዕይንቶች አንዱ ጥላ ነው። ጭራቁ ራሱ አይታይም፤ ጣቶቹ የረዘሙ ጥላ ብቻ በደረጃው ግድግዳ ላይ ይወጣል። ከዚያ የእጁ ጥላ የኤለንን ደረት ይጨብጣል፤ እሷም በሕመም ትንቀጠቀጣለች። አገራችን ውስጥ «ጥላ ወጊ» ሲባል ለሰማ ሰው ይህ ትዕይንት አስተርጓሚ አያሻውም። ድምፅ አልባ ፊልም ይህ ኃይል አለው፤ ጀርመንኛ የማያውቅ፣ አማርኛም ገና ያልተማረ፣ በኽምጣኛ ብቻ አፉን የፈታ ሕፃን እንኳ ያን ጥላ አይቶ ይገባዋል።

ከአራት ዓመት በፊት የነበረው ሞት

ይህ ፊልም ለምን በዚያ ዘመን ተሠራ? ያን ጊዜ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና አራተኛ ዓመቱ ነበር። ሙርናውም ግራውም በጦርነቱ የተሰለፉ ሰዎች ናቸው። ግራው የፊልሙን ሐሳብ ያገኘው ሰርቢያ ውስጥ በወታደርነት ሳለ አንድ ገበሬ ከነገረው የደም መጣጭ ታሪክ እንደሆነ ራሱ ተርኳል። እውነቱን ለመናገር፣ ግራው በምሥጢራዊ መናፍስታዊ ትምህርት የተጠመደ ሰውም ነበር፤ ይህንንም ሳንደብቅ ማወቅ ይገባናል።

በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ደግሞ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ መጣ። ዓለምን አዳረሰ፤ እኛም ዘንድ ደረሰ። «የኅዳር በሽታ» የምንለው ይኸው ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አለቀ። ራስ ተፈሪም ታመው ነበር፤ ተረፉ። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን፤ ብዙ ሰው ልማዱን ከዚያ መከራ ጋር ያያይዘዋል።

ስለዚህ በ1914 ዓ.ም. ቪስቦርግ ውስጥ ሬሣ ሣጥን ተሸክመው በመንገድ የሚያልፉ ሰዎችን ያየ የበርሊን ተመልካች ተረት አላየም። ያየው ትናንት የቀበረውን ወንድሙን ነው። ፊልሙ ውስጥ አዋጅ ነጋሪ ከበሮ እየመታ በሽተኞች ከቤት እንዳይወጡ ይናገራል፤ ሰዎች መስኮታቸውን ይዘጋሉ፤ በሮች ላይ ምልክት ይደረጋል። ኮሮና ሲመጣ እኛም ያየነው አይደለም? አስፈሪ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ሰው በቀጥታ ሊናገረው ያልቻለውን እውነተኛ ሐዘን ጭራቅ አልብሶ ይናገረዋል።

ገለባውን የገደለው ሕዝብ

አሁን ወደ ልቤ የገባውን ክፍል ልንገራችሁ። በቪስቦርግ ወረርሽኙ ሲበረታ ሕዝቡ አንድ ጥፋተኛ መፈለግ ይጀምራል። ጥርጣሬው በክኖክ ላይ ይወድቃል፤ ክኖክ አእምሮው ታውኮ ከታሰረበት ጠባቂውን ገድሎ ያመለጠ ሰው ነው። ሕዝቡ ድንጋይ ይዞ በየመንገዱ ያሳድደዋል። እስከ እርሻው ድረስ ሮጠው አንድ የቆመ ሰው ያዩና ይረባረቡበታል። ሲያዩት ሰው አይደለም፤ ለወፍ ማስፈራሪያ የተሰቀለ ገለባ ነው!

ክኖክ ንጹሕ ሰው ነው አልልም፤ የጭራቁ አገልጋይ ነበር፤ ነፍስም አጥፍቷል። ነገር ግን ሕዝቡ ገለባ ሲቀጠቅጥ፣ ገዳዩ ኦርሎክ በገዛ ከተማቸው፣ በመስኮቱ ቆሞ ያይ ነበር። አንድም ሰው ወደዚያ መስኮት ቀና ብሎ አላየም።

ይህ የልብ ወለድ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች በእርግጥ የደም መጣጭ ፍርሃት ይዟቸው ነበር። በ1732 እ.ኤ.አ. የኦስትሪያ ጦር ሐኪሞች ሰርቢያ ውስጥ አንድ መንደር ሄደው መቃብር ሲከፈት የጻፉት ዘገባ አውሮፓን አዳርሷል። አስከሬኖች አብጠው፣ ደም መሳይ ፈሳሽ ከአፋቸው ወጥቶ ተገኙ። ዛሬ ይህ አስከሬን ሲፈርስ የሚሆን ተራ ነገር እንደሆነ እናውቃለን። ያን ጊዜ ግን የሙታኑን ራስ ቆርጠው ሥጋቸውን አቃጠሉ። በ1755 እ.ኤ.አ. ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የግል ሐኪሟ ጌራርድ ቫን ስዊተን ነገሩን እንዲመረምር አደረገች። እሱም መርምሮ ደም መጣጭ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ፍርሃቱም ካለማወቅ የመጣ እንደሆነ ጻፈ። ንግሥቲቱም መቃብር መክፈትንና አስከሬን ማዋረድን ከለከለች።

በእኛስ? በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋዎች ሰው ሲታመም «ቡዳ በላው» ይባላል። ማታ ጅብ ሲጮኽ «ጅብ የሆነ ሰው ነው» የሚል ወሬ ይነሣል። ቡዳ ተብሎ የሚጠረጠረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማን ነው? ማረሻችንን የሚቀጠቅጠው አንጥረኛ፣ ጋቢያችንን የሚሸምነው ሸማኔ፣ ምጣዳችንን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ የሚያለፋው ነው። ማረሻውን እንፈልጋለን፤ የቀጠቀጠውን እጅ ግን እንፈራለን። ምጣዱን ምድጃ ላይ እንጥዳለን፤ የሠራችውን እናት ግን ከልጃችን ፊት እናርቃለን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አውጥተው ባለ እጅን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ማሪያ ቴሬዛ ሙታንን ከሕያዋን ፍርሃት ለመከላከል አዋጅ አስፈለጋት፤ ምኒልክ ሕያዋንን ከሕያዋን ስድብ ለመከላከል አዋጅ አስፈለጋቸው። ሁለቱም አዋጆች ወረቀት ላይ ተጻፉ፤ የሰው ልብ ላይ ግን ለመጻፍ ከዚያ በላይ ጊዜ ፈጀ።

ውድ ወጣቶች፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጌታችን በናዝሬት ያደገው በአናጺ ቤት ነው፤ እሱም ራሱ አናጺ ተብሎ ተጠርቷል (ማርቆስ 6፥3)። ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋርያት ሥራ 18፥3)። በእኛ መንደር ቢሆን ኖሮ ሁለቱም «ባለ እጅ» ነበሩ። በኅብረታችን መካከል አጠገቧ ማንም የማይቀመጥ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ የሆነች እህት ካለች፣ የምንከራከርበት አስፈሪ ፊልም በመካከላችን እየታየ ነው ማለት ነው። ሕዝቡ እኛ ነን፤ ገለባውም የእሷ ስም ነው።

የፍርሃት ፊልም ወዴት ሊያደርስ እንደሚችልም ታሪክ ያሳያል። «ኖስፌራቱ» ከታየ 11 ዓመት በኋላ ናዚዎች ጀርመን ውስጥ ሥልጣን ያዙ። በ1940 እ.ኤ.አ. ያሠሩት አንድ የፕሮፓጋንዳ ፊልም የአይሁድን ሕዝብ ምስል ከአይጥ መንጋ ምስል ጋር ጎን ለጎን አሳየ። «ኖስፌራቱ» ራሱ ያን ለማድረግ አልተሠራም፤ ጽሑፉን ያዘጋጀው ጋሌንም ከአይሁድ ወገን ነበር። ሆኖም ከውጭ የመጣ እንግዳ፣ አይጥና በሽታ አንድ ላይ የተሰለፉበት ምስል በሌላ እጅ ሲገባ ምን ሊሆን እንደሚችል አየን። ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ጦርነትና ድርቅ በፈተነው በዋግ ኽምራ፣ ሰውን በወገኑ ስም ጭራቅ የሚያደርግ ወሬና ቪዲዮ በስልካችን ሲመጣ እናውቀዋለን። ስንቶቻችን «አጋራ» የሚለውን ነካን?

የመበለቲቱ ክስ

ስለ ፊልሙ አንድ ሌላ ታሪክ አለ፤ ለዘማሪዎቻችንና ለስልክ ቤት ልጆቻችን የሚሆን ነው። ፕራና የተባለው የፊልም ድርጅት መጽሐፉን ፊልም ሲያደርግ ፈቃድ አልጠየቀም። ብራም ስቶከር በ1912 እ.ኤ.አ. አርፎ ነበር። የመጽሐፉ መብት ባለቤት ሚስቱ ፍሎረንስ ነበረች። መበለቲቱ ስሞቹ ቢለወጡም ታሪኩ የባሏ እንደሆነ አውቃ ከሰሰች። ድርጅቱ ከሠረ። በ1925 እ.ኤ.አ. የበርሊን ፍርድ ቤት የፊልሙ ቅጂዎች ሁሉ እንዲጠፉ ወሰነ።

ፊልሙ ግን አልጠፋም። ወደ ሌሎች አገሮች የተላኩ ቅጂዎች ተርፈው ስለነበር ዛሬ ልናየው ቻልን። እዚህ ላይ ልቤ ሁለት ይሆናል። ድንቅ ሥራ በመትረፉ ደስ ይለኛል፤ ያች መበለት ግን እውነቷን ነበር። በአገራችንም የቅጂ መብትን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል። የአንድ ዘማሪ ሙሉ የዝማሬ ሥራ ከስልክ ወደ ስልክ ስናስተላልፍ «ለወንጌል ነው» እንላለን። ዘማሪው ግን የቤት ኪራይ የሚከፍለው በምንድን ነው? ስም መለወጥ ስርቆትን ስጦታ አያደርገውም።

ዶሮ ሲጮኽ

የፊልሙ መጨረሻ ከመጽሐፉ ይለያል። በስቶከር መጽሐፍ ድራኩላ በቀን መውጣት ይችላል፤ የሚሞተውም በቢላዋ ነው። ፊልሙ ግን አዲስ ነገር አመጣ። ኤለን ባሏ የሳቀበትን መጽሐፍ ታነባለች። ልቧ ንጹሕ የሆነ ሴት ጭራቁን ዶሮ እስኪጮኽ ድረስ በዘዴ ካቆየችው እንደሚጠፋ ትረዳለች። መስኮቱን ትከፍታለች፤ እሱም ይገባል። ሌሊቱ ያልፋል። ዶሮ ይጮኻል። ፀሐይ በመስኮቱ ትገባና ጭራቁ ጭስ ሆኖ ይጠፋል። እሷም ትሞታለች፤ ከተማዋ ግን ትድናለች። ዛሬ በየፊልሙ የምናየው «ደም መጣጭ በፀሐይ ይቃጠላል» የሚለው ነገር የተስፋፋው ከዚህ ፊልም በኋላ ነው።

ይህን ሳይ የዋግና የአካባቢው ሕዝብ የማይረሳው ሌላ ንጋት ትዝ አለኝ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከዋግ ብዙ ሰው እህል ፍለጋ በእግሩ ወደ ኮረም ወርዷል። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ ረሃቡ ተሸፍኖ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም የተላከ ዘገባ አሳየ። ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ ካሜራውን የያዘው ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ዘገባው የሚጀምረው በንጋት ነው። ፀሐይ ስትወጣ በሜዳው ላይ የተኛው ሕዝብ ታየ፤ በሌሊቱ ብርድ የሞቱትም ታዩ። ያን ምስል ያየው ዓለም ተንቀሳቀሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገውን ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ጨምሮ ለእርዳታ ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ።

ያ አስፈሪ ፊልም ነበር። ጭራቅ ግን አልነበረበትም። አስፈሪው ነገር እውነት መሆኑ ነበር።

ካሜራው ብቻውን አዳኝ ነው አልልም። ከዚያ በፊት የነበረውን የወሎ ረሃብ የብሪታኒያው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. በፊልም አጋልጦ ነበር። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አዳብሎ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ማታ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱን ከሥልጣን አወረደ። የንጉሡን ድግስ ያጋለጠው ያው መንግሥት ከአሥር ዓመት በኋላ ራሱ ደግሶ ረሃቡን ሸፈነ። የኮረም ምስልም ሕይወት አድኗል፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ዓለም እኛን በተዘረጋ እጅ ብቻ እንዲያውቀን አድርጓል። ብርሃኑ እውነት ነው፤ መብራቱን የሚይዘው እጅ ግን የሰው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው

«አማኝ የሚያስፈራ ፊልም ማየት ይችላል ወይ?» ወረቀቱን የጻፍክ ወንድሜ፣ ወይም የጻፍሽ እህቴ፣ እስካሁን መልስ ስላልሰጠሁ ይቅርታ።

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያውን ልበል። እንቅልፍ የሚነሣህን፣ ለብቻህ መጸለይ እስኪያቅትህ ድረስ የሚያስርህን፣ ደም ማየትን ጨዋታ የሚያደርግብህን ነገር ተወው። ጓደኞችህ ቢስቁብህም ተወው። ለአንዱ ምንም ያልሆነ ለሌላው እንቅፋት ይሆናል፤ ታናናሾቻችን በክፍሉ ካሉ ደግሞ ነጻነታችን በነሱ ልክ ይቀንሳል።

ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄውን እንድታሰፋው እለምንሃለሁ። ፊልሙ የሚያስፈራ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ማንን እንድትፈራ እንደሚያስተምርህ ጠይቅ። ፊልሙን ጨርሰህ ስትወጣ ጎረቤትህን ይበልጥ ትወዳለህ ወይስ ይበልጥ ትጠረጥራለህ? ወደ መስኮቱ ቀና ትላለህ ወይስ ገለባ ትቀጠቅጣለህ? ይህ መለኪያ አስፈሪ ለማይባለውም ይሠራል። አንድም ጭራቅ የሌለበት፣ በሳቅ የተሞላ፣ ሸክላ ሠሪዋን መሳለቂያ የሚያደርግ ድራማ ከ«ኖስፌራቱ» የከፋ ሊሆን ይችላል።

«የሰይጣን ቤት» የተባለውን ማሽንም አስቡት። በ1979 እ.ኤ.አ. በሉቃስ ወንጌል ላይ ተመሥርቶ የተሠራው «የኢየሱስ ፊልም» አማርኛ ተተርጉሞ ስንት የገጠር መንደር ውስጥ በጄኔሬተርና በነጭ አንሶላ ታይቷል! አያቶቻችን ሰይጣን ያዩበት ያው ሸራ፣ ያው ጨለማ፣ ያው የብርሃን ጨረር ነው። ማሽኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በላዩ የተሳለው ነገርና የሚያየው ልብ ነው።

ዕብራውያን 2፥14 እና 15ን ስታነቡ ሰዎች በሞት ፍርሃት ታስረው እንደኖሩ፣ ክርስቶስም የመጣው ከዚያ እስራት ሊፈታቸው እንደሆነ ታያላችሁ። የፈራ ሰው ለሌላው አደገኛ ነው፤ ገለባ ይቀጠቅጣልና። ከፍርሃት የተፈታ ሰው ግን የተጠረጠረችውን እህት አጠገቧ ሄዶ ይቀመጣል።

ጴጥሮስም ዶሮ ሲጮኽ ሰምቷል። በዚያች ሌሊት በእሳቱ ዳር የፈራው ጭራቅ አልነበረም፤ የአንዲት ገረድ ጥያቄ ነበር። ፍርሃቱ ወዳጁን አስካደው። ዶሮው ሲጮኽ ግን ጭስ ሆኖ አልጠፋም፤ ወጥቶ አለቀሰ፤ በኋላም በባሕሩ ዳር ሌላ እሳት፣ ሌላ ንጋት ጠበቀው። ንጋት ጭራቅን ያጠፋል፤ ሰውን ግን ይመልሳል።

በሚቀጥለው ስብሰባችን ላይ ወረቀቱን እንደገና እናዞራለን። በዚህ ጊዜ የእኔን ጥያቄ እኔው እጽፍበታለሁ፦ «በመካከላችን ማንም አጠገቡ የማይቀመጠው ማን ነው?» መብራት ቢጠፋም እንነጋገርበት።